አቶ አልተጣጣሙም እና ቃጭሏ

በየዘመድ አዝማዱ መካከል እንዲህ ያሉ አንድ ሰው አይጠፉም። ሌላው ሰው ዘፈን ሲከፈትለት ዘፈን ይሰማል፤ እሳቸው ግን ሽቦውን ነው የሚሰሙት። ቤቱ በሙሉ ራሱን እየነቀነቀ ሲደሰት፣ እሳቸው ጠረጴዛ ሥር ገብተው ገመዱ ከምን ጋር እንደተሰካ ይመረምራሉ። ጉልበታቸውን እያራገፉ ሲወጡም የሐኪም ፊት ይለብሱና «አልተጣጣሙም» ይላሉ። ስፒከሩና ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር ማለታቸው ነው። እርስዎም አንድ እንዲህ ያለ ሰው ያውቃሉ፤ አላውቅም ካሉ ሰውዬው እርስዎ ራስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የእኛው ሰው፣ ክቡር አቶ አልተጣጣሙም፣ በሙያቸው ዓይን ለክተው መነጽር የሚያዙ ባለሙያ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጨለም ባለች ክፍል ውስጥ ሰው አስቀምጠው፣ አንዱን ሌንስ አንስተው ሌላውን እየተኩ «አንደኛው ይሻላል ሁለተኛው?» ሲሉ ኖረዋል። ቤታቸው ሲገቡ ጋዋኑን ያወልቃሉ እንጂ ጥያቄውን አያወልቁትም። እዚያ ዓይኑ ጆሮ፣ ሌንሱ ሄድፎን፣ ደንበኛዋ ደግሞ ሚስታቸው ትሆናለች።

ሚስታቸው መምህርት ናት። (እሳቸውን አንቱ፣ እሷን አንቺ ማለታችን ክብር ነፍገናት አይደለም፤ «አንቱታ ያስረጀኛል» የምትለው ራሷ ናት።) ቀኑን ሙሉ የሕፃናት ጫጫታ ሲወርድባት ስለሚውል፣ ቤቷ ስትገባ የምትመኘው ዝምታን ብቻ ነው። ደብተር ልታርም ቁጭ ስትል ግን አናቷ ላይ ሄድፎን ይደፋባታል። ያ ይነሳና ሌላ ይደፋባታል። «አንደኛው ይሻላል ሁለተኛው?» ሲሏት፣ ቀና እንኳን ሳትል «ሁለተኛው» ትላለች። ሁልጊዜም ሁለተኛው ነው። አንደኛው ያለች እንደሆነ፣ ለማረጋገጥ አንደኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለተኛው ካለች ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይቺን ዘዴ ያገኘችው በትዳሯ ገና በጠዋቱ ነው።

የአቶ አልተጣጣሙም ሰለባዎች ብዙ ናቸው። የመምህርቷ ታናሽ ወንድም፣ የባንክ ሠራተኛው፣ አንድ እሁድ አዲስ ሄድፎኑን ስልኩ ላይ ሰክቶ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ሳለ ደረሱበት። ሄድፎኑን ከራሱ ላይ በቀስታ አንስተው በሁለት እጃቸው ሲይዙት፣ ብርድ ላይ የተጣለ ሕፃን ያገኙ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ስብከቱ ወረደ። ትልቅ ሄድፎን በላተኛ ነው፤ የስልክ ጉልበት ምሳው ቀርቶ ቁርስም አይሆነው። ትንሿ ጆሮ ውስጥ የምትገባው ኤርፎን ደግሞ ተቃራኒው ናት፤ ጉልበተኛ አምፕሊፋየር ላይ ከሰኳት ሽሽሽ እያለች ታለቅሳለች። ለእያንዳንዱ አቻውን መፈለግ ነው።

«ይሰማል እኮ ጋሼ» አለ ምስኪኑ።

«መሰማትማ የጎረቤት ጠብም ይሰማል» አሉት።

ሄድፎኑ በዚያው ዕለት ከአምፕሊፋየር ጋር ሊተዋወቅ ወደ እሳቸው ቤት ሄደ። ገዢው መጥቶ የመጠየቅ መብቱ ተጠብቆለታል።

በሥራ ቦታቸው ደግሞ ሒሳብ ተቀባይዋ አለችላቸው። ኤርፎኗ ከጆሮዋ እየወለቀ ሲያስቸግራት አይተው፣ ደንበኛ ተሰልፎ ባለበት፣ የግራ ጆሮዋ ቀዳዳ ከቀኙ ስለሚጠብ ጫፉ ላይ የምትገባው ጎማ ሁለት ዓይነት መሆን እንዳለባት አበሰሯት። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ፀጉሯን ጆሮዋ ላይ ለቃ ከረመች። ጎማውን ስትቀይር ግን እስከዚያ ቀን ሰምታው የማታውቀው ወፍራም የቤዝ ድምፅ ከች አለላት። እውነታቸውን መሆኑን ለማንም እንዳይናገሩባት ለምናቸዋለች። የአንዱን ሠርግ ጉዳይማ ባናነሳው ይሻላል፤ የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ ሰምተው ራሳቸውን እየነቀነቁ «አልተጣጣሙም» ሲሉ ከኋላቸው የተቀመጡት የሙሽራዋ እናት ነበሩ።

ይህ ሁሉ የጀመረው በዚያችው ጨለም ባለች ክፍል ውስጥ ነው። መምህርቷ ገና ሥራ እንደያዘች መነጽር ልታሠራ ሄደች። ወጣቱ ባለሙያ «አንደኛው ይሻላል ሁለተኛው?» ሲላት፣ አላዋቂ ላለመምሰል «ሁለተኛው፣ ሁለተኛው» እያለች ቀጠለች። በመጨረሻ አንዱን ሌንስ ሁለቴ አሳያት። «ሁለተኛው በጣም ይሻላል» አለች፣ በሙሉ ልብ።

ሳቀ። ሰው ባለሙያውን ደስ ለማሰኘት ሲል ስለ ገዛ ዓይኑ እንደሚዋሽ ነገራት። «ሁለቱም አንድ ናቸው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው የማምነው» አላት። ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እንዳሳፈራት ሲገባው፣ ለካሣ እንዲሆን ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ቴፕ ጋር የተሰካውን ከባድ ሄድፎን አናቷ ላይ አደረገላት። ጊታር መጣ፤ ከበሮ ተከተለ፤ ከዚያ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት፣ ከሩቅ፣ አንዲት ትንሽ ቃጭል አቃጨለች። «ቃጭሏ ስታምር!» አለች። ያንን ሄድፎን ለስንት ሰው አሰምቶ ነበር፤ ቃጭሏን ልብ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ወዲያው ሌላ ደንበኛ ሲገባ ባለሙያው ቴፑን ዘጋው። የቀረውን ታሪክ ትዳራቸው ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ የሚፈተነው በዚያው ዘፈን ነው። ጊታር፣ ከበሮ፣ ቃጭል። ቃጭሏ ስትመጣ አቶ አልተጣጣሙም ሌባ ጣታቸውን ብድግ ያደርጉና ያጠፉታል። ቴፑ በሲዲ፣ ሲዲው በሌላ ማጫወቻ ተተካ፤ ዘፋኙ ግን አንድ ቀን እንኳን አፉን እንዲከፍት ተፈቅዶለት አያውቅም። ሴት ልጃቸው አድጋ ከቤት እስክትወጣ ድረስ ዘፈኑ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነበር የሚመስላት።

በቅርቡ ግን ቤቱ ሰላም አጣ። አምፕሊፋየር ይገባል፤ አምፕሊፋየር ይወጣል። አንዱ «ላይ ላዩን በላው» ይባላል፤ ሌላው «ቀጫጭኑን ድምፅ ዋጠው» ይባላል። ገመድ ተቀየረ፤ ማጫወቻው ተቀየረ፤ የዓለም ፋብሪካዎች በጅምላ ተረገሙ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ባለሱቁ አቶ አልተጣጣሙም ገና መንገድ ሲሻገሩ ሲያያቸው ምሳ ሰዓት ይሆንበት ጀመር። መምህርቷ ደግሞ አንድ ነገር ልብ አለች። ያቺ ሌባ ጣት ከጭናቸው ላይ እስከ ግማሽ ትነሳና ተንጠልጥላ ትቀራለች። ጠብቀው ጠብቀው፣ ዘፋኙ ሊጀምር ትንፋሹን ሲስብ ያጠፉታል። አያወሩም፤ አይሰብኩም። ሰው ቤት ሄደው እንኳን ጠረጴዛ ሥር መግባት ትተዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በቃኝ አሉ። ባለሱቁ ከሰዓት በኋላ መኪና ይዞ መጥቶ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል፤ ያ አሮጌው ከባድ ሄድፎንም አብሮ ይሄዳል። መምህርቷ ይህን ቀን ስትመኝ ኖራለች፤ የአበባ ማስቀመጫዋ የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር አስባበታለች። ቀኑ ሲመጣ ግን መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ባሏም አብረው ባዶ የሚሆኑ መሰላት።

ከምሳ በኋላ አሮጌውን ሄድፎን ይዘው መጡ። ስፖንጁ ስንቴ ተቀይሯል፤ ብረቱ ግን ያው ነው። ከቀሩት ሁለት አምፕሊፋየሮች ጋር በየተራ ሊያሰሟት ነው። «የመጨረሻ ነው፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርሽም» አሏት። «ቃጭሏ የትኛው ላይ እንዳለች ብቻ ንገሪኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለስንት ዘመን አናቷ ላይ ተደፍቶ ሳትሰማው የኖረችውን ሄድፎን፣ ያን ቀን ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ጊታር፣ ከበሮ፤ ከዚያ ቃጭሏ፣ ጥርት ብላ፣ ልክ እንደዚያን ቀን። ሁለተኛው ላይም አለች። ዓይኗን ስትገልጥ ባሏ ፊቷን እያዩ ነው፤ ደንበኛን እንደሚያዩት። ያን ጊዜ ገባት። አምፕሊፋየሮቹ ምንም አልሆኑም።

«ሁለተኛው» የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሳ ነበር። ብትላቸው ባለሱቁ ባዶውን ይመለሳል፤ እሳቸውም ለጥቂት ቀን ደስ ይላቸዋል፤ ከዚያ ያም አምፕሊፋየር ቃጭሏን በላ ይባላል። ልቧ ቢፈራም አልዋሸችም።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች። «ቃጭሏ ሁለቱም ላይ አለች።»

አቶ አልተጣጣሙም ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሲያምኑት የኖሩት መልስ ይኼ አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን አምፕሊፋየሮች ይቅርታ ሊጠይቋቸው እንደፈለጉ ሁሉ ትክ ብለው አዩዋቸው።

«ጥርት ብላ?»

«ጥርት ብላ።»

«እኔ እኮ ከዕቃው መስሎኝ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ።

«ለሰው ምን ነበር የምትለው? መነጽሩ ደህና ነው፣ ዓይንዎ ነው ትንሽ የደከመው፣ ነውር የለውም። ስትለው አይከብድህም ነበር።»

«ለሰው መንገር ይቀላል» አሉ።

ሰኞ አብራቸው ጆሮ ሐኪም ዘንድ እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ከዚያ ከመሳቢያው ለሁለት ሰው የምትከፈለዋን መሰኪያ አውጥታ፣ አሮጌውን ሄድፎን ለእሳቸው አጠለቀችላቸው፤ የወንድሟን ሄድፎን፣ እስከዛሬ ትውውቁ ያላለቀውን፣ ለራሷ አደረገች። «እጅህን አምጣ» አለቻቸው። ጊታሩ መጣ፤ ከበሮው መጣ። ቃጭሏ ስታቃጭል መዳፋቸውን በጣቷ አንዴ መታ አደረገች። የእሳቸው ሌባ ጣት ብድግ አለች። እንደ ልማዳቸው ሊያጠፉት ሲንጠራሩ እጃቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ዘፋኙ አፉን ከፈተ።

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ይህን ያህል ዘመን የሚጠበቅ ዘፋኝ አልነበረም። በአፍንጫው ነው የሚዘፍነው። ቃጭሏ ግን ከግጥሙ መካከል ተመልሳ መጣች፤ ይህን ሁለቱም አያውቁም ነበር። መዳፋቸውን ደግማ መታች። ውጭ ባለሱቁ በሩን ሲያንኳኳ፣ ሲያንኳኳ ቆይቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ የሰማው የለም።

አቶ አልተጣጣሙም የሄድፎናቸውን አንዱን ጎን ከፈት አደረጉ። ፊታቸው ላይ ያ የጥንቱ ሐኪም ተመልሶ መጥቷል። ወደ ሚስታቸው ጠጋ አሉና «ሰማሽ አይደል? ዘፋኙና ባንዱ አልተጣጣሙም» አሏት።

«ዝም በል፤ ቃጭሏ ታመልጥሃለች» አለቻቸው፣ እጃቸውን ሳትለቅ።