የአቶ አለምሰገድ ቧንቧ

በየከተማው ላስተምር ብሎ የሚሞት፣ ተማሪ ግን ያላገኘ አንድ ሰው አይጠፋም። የአርባ ምንጩ ክቡር መምህር አለምሰገድ ነበሩ፤ ብርጭቆ ነፊ፣ ብቻቸውን አንድ ዩኒቨርሲቲ።

አዲስ አበባ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ጠርሙስ ሲነፉ ኖረው፣ ማሽን ቢተካቸው በ1984 ዓ.ም. ከነመንፊያ ቧንቧቸው መጥተው ሲቀላ ሰፈር ጎረቤቴ ሆኑ። ሰላምታቸው «ትንፋሽህ እንዴት ነው?» ነበር። ለቅሶ ቤት እንኳ አስለቃሿን ሲሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ይቺ ሴትዮ ብርጭቆ ብትነፋ የት በደረሰች ይሉኛል።

እሑድ ከሰዓት ከዳገቱ ላይ ሆነው ሁለቱን ሐይቆች ሲያዩ ያመሻሉ። በማግስቱ ቡናማውን የቢራ ጠርሙስ ለደፍራሹ ዓባያ፣ ነጩን ለጠራው ጫሞ አቅልጠው በአንድ ዕቃ ሊያጋቡ ይሞክራሉ። ሲቀዘቅዝ ከመጋጠሚያው ይሰነጠቃል። «አልተዋደዱም» ብለው እንደ ሽማግሌ አዝነው፣ ደግመው ይጀምራሉ።

ብርሌያቸውን ከገረሴ ድረስ መጥቶ የሚገዛ ሞልቷል። የጠፋው ተማሪ ነው። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፣ አንናገረውም። በእሳት የሚሠራ ሰው ጠይብ ይባላል፤ ዓይኑ ይፈራል። ቧንቧው ደግሞ አንድ ነው፤ መምህሩ ከአፋቸው ሲያወጡት ተማሪው ተቀብሎ ይነፋል። ወዳጅ ከወዳጁ ጋር በአንድ ቅል ቦርዴ የሚጠጣበት አገር፣ እዚያች ቧንቧ ላይ ሲደርስ አፉን ይሰበስባል።

የላንቴው ሙዝ ነጋዴ ጌዲዮን ልማር ብሎ መጥቶ ግማሽ ቀን ሲያደንቅ ዋለ። ቧንቧው ወደ እሱ ሲዞር ሙዙን ፀሐይ ላይ መተዉ ትዝ አለው። አቶ አለምሰገድ የቧንቧውን አፍ ሊጠርጉበት በአረቄ የነከሩትን ጨርቅ እንደያዙ ቀሩ።

«እጠርገዋለሁ እኮ» አሉ፣ ለባዶው በር።

እኔን አንድ ቀን እንኳ ተማር ብለውኝ አያውቁም። በሲጋራዬ ምክንያት ትንፋሽ የለውም ያሉኝ እየመሰለኝ ይከፋኝ ነበር። ለካ እምቢ ብዬ በዚያው እንዳልርቅና የሚያጫውታቸው እንዳይጠፋ ፈርተው ኖሯል።

በ1990 ክረምት፣ አጠገባቸው ቆሜ ሳለ፣ ብርሌ እየነፉ ሳል ያዛቸው። የቀለጠው ብርጭቆ ከቧንቧው ጫፍ ይወርድ ጀመር። አዩኝ፤ ግን አልሰጡኝም። ቧንቧውን ነጥቄ ነፋሁ።

የወጣው ነገር ብርሌም ቅልም አይመስልም። እሳቸው ግን ዕቃውን አላዩትም።

«አልጠረግከውም» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተጋርተን፣ ይህን ቀድሜ ባለማድረጌ አፈርኩ። ከዚያ ክቡር መምህር ወደ ጠማማው ዕቃ ዞረው፣ ይህ ምን የሚሉት ነው፣ ጉንጭህን ማን ንፋ አለህ እያሉ እስኪመሽ ሲቆጡኝ ቆዩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።