የአስተርጓሚ ማኅበር ልገባ ቡሬ ሄጄ የሆንኩት

ኧረ ልጆቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ሰምታችሁ ሳቁብኝ! ግን ቁጭ ብላችሁ ሳቁ፤ መጨረሻው አያስቅም።

የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሜሮን ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አፉ የኔ፣ ጣቱ የሷ። ወሬው ካማረ ግን የኔ ነው!

አዲስ ለመጣችሁ ፎሎወሮቼ ልንገራችሁ። የተወለድኩት አገው ምድር፣ የተዳርኩት ፍኖተ ሰላም አጠገብ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ። ከአዊ በኩል ታሞ የመጣ፣ አማርኛ የሚቸግረው ሰው ሲኖር ሐኪም ፊት የማስተረጉምለት እኔ ነኝ። ስንት ዓመቴ!

ሜሮን "እማማ፣ እርስዎ እኮ ፍሪላንስ ነዎት" ትለኛለች።

"ምን ማለት ነው?"

"አለቃ የለዎትም ማለት ነው።"

ባሌ ከሞተ ወዲህ የለኝም!

አሁን ታዲያ አስተርጓሚ ሁሉ የማኅበር ባጅ ያሳይ የሚል ነገር ከሆስፒታሉ መጣ። ሜሮን ስልኳን ጎርጉራ ሁለት ማኅበር አገኘችልኝ። አንደኛው ፎቶ ብቻ ላኩ ይላል፤ ባጁ ወዲያው ይደርሳል። ሁለተኛው ቡሬ ላይ ሰብስቦ ይፈትናል፤ ሕግም አለው።

የትኛውን መረጥኩ? ፈተና ያለውን! አገር ያወቃት አስተርጓሚ ፈተና ፈራች ልባል?

ትዕቢት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ከዚህ በፊት ግን የሰኞዋን ሴት ላስተዋውቃችሁ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ታሪኩን ግን "ንገሪ" ብላኛለች። በዕድሜ ከኔ አትርቅም። እዚሁ ፍኖተ ሰላም ወንድሟ ቤት አርፋ ትታከማለች። ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ሐኪሙ ተናገረ። እኔም "ዕረፍት አድርጊ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ ብሎሻል" አልኳት።

"ሐዋሳ ያለችውን ልጄን ልጥራት?" አለችኝ።

"ምን አስቸኮለሽ፤ ለፋሲካ መምጣቷ አይቀር!"

ሐኪሙ እንዲህ አላለም። ያለው ሌላ ነው። ግን እናንተ ፍረዱኝ፣ በእኛ አገር የሞተ ሰው መርዶ እንኳ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም። በሕይወት ላለ ሰው የራሱን መርዶ ማን ይነግራል?

እንደዚህ ነበር የማስበው። ዓመታት ሙሉ።

ዛሬ አርብ በማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሜሮንን አስከትዬ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። አዳራሹን ላፕቶፕ የታቀፉ ልጆች ሞልተውታል። አንዱ ልጅ ወረቀቱን ያገላብጣል። "አይዞህ፣ ከከበደህ እኔ እነግርሃለሁ" አልኩት። አፌ!

ቅጹ "የትምህርት ደረጃ" ይላል። "ሰረዝ አድርጊበት፣ ያልፋል" አልኳት ሜሮንን።

ፈተናው ጨዋታ ይመስላል። አንዱ ፈታኝ ሐኪም ሆነ። አንዲት ፈታኝ ደግሞ አገውኛ ብቻ የምትሰማ ታማሚ ሆነች። ይሄማ የኔ ነው!

"ሐኪሙ" ጀመረ፤ "በሽታው ተሰራጭቷል። ቀዶ ጥገናም አይረዳም። ከእንግዲህ ሕመሙን ነው የምናስታግሰው። ቤተሰብዎን ይጥሩ።"

እኔ በአገውኛ፣ "ትንሽ ሕመም አለብሽ፣ መድኃኒት ይሰጡሻል። እግዚአብሔር ያውቃል።"

"ታማሚዋ" ቀና አለች። በጠራ አማርኛ፣ "እማማ፣ ታዲያ ቤተሰቤን ልጥራ ወይስ አልጥራ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ! ያ ወረቀት የሚያገላብጠው ልጅ ሳይቀር!

እኔ በዋዛ እለቃለሁ? "እናንተ አንጀት የላችሁም! እንዲህ ያለ ነገር እንደ ገበያ ዋጋ ፊት ለፊት ይጠራል?" አልኩ።

ፈታኟ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እማማ፣ ታማሚዋ የቀራት ቀን የራሷ ነው። እርስዎ ምን አግብቶዎት?"

እንዲህ በአክብሮት ተሰድቤ አላውቅም።

ወደቅሁ። "ሕጋችንን አስነብበው ከወር በኋላ ይመለሱ" አሉኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሜሮን "አይዞዎት፣ ያኛው ማኅበር አለ። ፎቶዎን አሁኑኑ ልላከው?" አለችኝ።

"ቆይ" አልኳት።

ሐዋሳ ሩቅ ነው። ሰኞ ተደውሎላት ቢሆን የሴትዮዋ ልጅ እስከ ዛሬ ትደርስ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ቤቴ አልገባሁም። በባጃጅ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ወንድሟን አስጠራሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስለ በርበሬው አወራሁ።

እሷ ቀደመችኝ።

"እህቴ፣ ሰኞ ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፣ አንቺ ጥቂት ተናገርሽ። የቀረውን የት አደረግሽው?"

ነገርኳት። ሐኪሙ እንዳለው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እሷ አላለቀሰችም። "ስልክ ስጡኝ" አለች። ለልጇ ደውላ "ነይ" ብቻ አለቻት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አራት ቀኔን በላሽብኝ።"

እጄን ግን አልለቀቀችውም።

ልጆቼ፣ ፎቶዬ ለዚያኛው ማኅበር አይላክም። ከወር በኋላ ቡሬ እመለሳለሁ። ሜሮን ሕጉን እያነበበችልኝ ነው። "የተባለውን ሁሉ ተናገር" ይላል። እሺ፣ ገባኝ! እንዴት ብለህ ጀምር ግን የትም ቦታ አይልም፤ ሁለቴ አስነበብኳት።

እስቲ ከናንተ መሃል ለታመመ ሰው ቁርጡን የነገራችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያዋ ቃላችሁ ምን ነበረች? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ብኮርጅ ማን ከክፍል ያስወጣኛል?