ክብርት ነርስ ይፍዓትና የአባቴ ምስጢር

በሽተኛ ያስታመመ ቤት ሁሉ አንዲት አዛዥ ነርስ ያውቃል። ከበር ስትገባ ባለቤቱ እንግዳ፣ እሷ ባለቤት ትሆናለች። የእኛዋ ክብርት ነርስ ይፍዓት ነበረች።

አባቴ ጎበዜ ካንሰሩ እንደማይድን ታውቆ ከሆስፒታል እስራኤል ውስጥ ኔታንያ ከተማ ወዳለው ቤታችን ሲመለስ፣ ሕመሙን እንድታስታግስለት በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቁት የመጡትን አሥራ ሰባት ዘመዶች ቆጥራ፣ «ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አሥር አሥር ደቂቃ» ብላ ደረጃው ላይ አሰለፈቻቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም እንኳ ከነከዘራቸው ተራ ጠበቁ። እኔን ሐብሐብ እንድገዛ ገበያ ላከችኝ፤ ያመጣሁትን በጣቷ አንኳኩታ፣ «ይኼ ለአንተ ይሁን፤ ለሱ ሌላ አምጣ» አለችኝ። ወላጆቿ እንደኛ ከኢትዮጵያ ቢመጡም እሷ እዚሁ ስለተወለደች አማርኛዋ «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም። ባዕድ ሰው ሁሉ «አንቱ» የሚለውን የሰማንያ ዓመቱን አባቴን «አንተ፣ ወደ ጎን ዙር» ስትለው እኛ በሐፍረት እንሸማቀቃለን፤ እሱ ይስቃል።

እኔና እኅቴ ብዙዓየሁ አንድ ነገር ለመንናት፤ እንደማይድን እንዳትነግረው። በእኛ ወግ እንዲህ ያለው ነገር ለታመመ ሰው ፊት ለፊት አይነገርም።

«መዋሸት አልችልም» አለች። «ካልጠየቀኝ ግን አልናገርም።»

ሁለት ወር ሙሉ የተሳካልን መሰለን። ብዙዓየሁ «ለፋሲካ ትነሣለህ» ስትለው «አሜን» ይላል። ፋሲካ ሳይደርስ አረፈ።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ይፍዓት ልትጠይቀን መጣች። ብዙዓየሁ «እንኳንም ሳያውቀው ሄደ» አለች።

ይፍዓት ሳህኗን አስቀመጠች። «ያውቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።»

ብዙዓየሁ ቀና ብላ አየቻት።

«‹ማወቄን ለልጆቼ እንዳትነግሪ፣ ይደነግጣሉ። ስሞት ትነግሪያቸዋለሽ› አለኝ። አለቃዬን ሳሪትን አማከርኳት፤ ‹ምስጢሩ የሱ ነው፣ ጠብቂለት› አለችኝ። እናንተ ወጥ ቤት ውስጥ ‹አልጠረጠረም አይደል?› ትሉኛላችሁ። እሱ አልጋው ላይ ‹አላወቁም አይደል?› ይለኛል። አንዳንድ ቀን ደረጃችሁን መውጣት ያቅተኝ ነበር።»

«ፈርቶ ነበር?» አለች እኅቴ ቀስ ብላ።

«የመጀመሪያ ቀን አለቀሰ። እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የምታሳዝኑት እናንተ ነበራችሁ። ‹ውሸት አይችሉበትም፤ ብዙዓየሁ ስትዋሽ አፍንጫዋን ታካለች› ይል ነበር።»

ብዙዓየሁ ሳታውቀው አፍንጫዋ ላይ የደረሰ እጇን ቶሎ አወረደች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ።

እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። መሪውን ያዘች እንጂ ሞተሩን አላስነሳችም። እንባዋ ወረደ።

«ቃዲማ ዞራን ከተማ ሌላ ሕመምተኛ ይጠብቀኛል» አለች። «አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«አሥራ አምስት» አልኳት። ሁለት ወር ስታዘዝ ኖሬ እኔ ያዘዝኳት ይህን ብቻ ነው።

«በሰዴር» ብላ በዕብራይስጥ እሺ አለችና ቁልፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔም በሌላው በር ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።