ሐጂ ሁለቴ ሰላም ሲሉኝ

ሰላምታ ላይ የሚቸኩል ሰው ነጌሌ ቦረና ባይመጣ ይሻለዋል። ሌላ ከተማ ሰው "ደህና ነህ?" "ደህና" ተባብሎ ይተላለፋል፤ እኛ ዘንድ ይህ ጉሮሮ መጥረጊያ ነው። በኦሮምኛ "አካም? ናጋ?"፣ "እንዴት ነህ? ሰላም ነው?" ተብሎ ይጀመርና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ባለፈው እግሯን አሟት የነበረችው ጊደር እንኳ ሳትቀር ተጠይቆ፣ ሁሉም ናጋ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ እንደገና ከልጆቹ ይጀመራል። "ሥራ የላቸውም እንዴ?" ትሉ ይሆናል። አለን እንጂ። ሰላምታው ሲያልቅ እንሠራለን።

የዚህ ሙያ አውራ ገበያው ጥግ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ቃሲም ናቸው። ደርግ የወደቀ ሰሞን፣ የወታደር ልጅ መባል በሚያስፈራበት ጊዜ፣ አባታችን የት እንደደረሰ ሳናውቅ እናታችን አምስታችንን ይዛ የጦር ካምፑ አጠገብ ቤት ዘግታ ተቀምጣ ነበር። አባቴ ከወራት በኋላ በእግሩ መጣ፤ እስከዚያው ግን ሰው በደጃችን ሲያልፍ አንገቱን ያዞር ነበር። ሐጂ ግን አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መንገዱ መሀል ቆሙና፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ አምስታችንንም በየስማችን እየጠሩ ሰላም አሉን። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይለን ጀመር። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ "ገረመው" የሚለው ስሜ እንደዚያ ቀን አምሮብኝ አያውቅም።

እንግዲህ ከሁለት ዓመት በፊት ሐጂ ሁለቴ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ሱቃቸው ገብቼ፣ ሰላምታውን ከልጅ እስከ ጊደር አድርሰን፣ ሻይ በወተት ታዞ፣ ጠጥተን ልነሳ ስል "እንዴ፣ ገረመው! መቼ መጣህ? አካም?" ይሉኛል እንደ አዲስ። ከዚያማ ሌላ ሻይ ነው። አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምራሉ፤ ከዚያ ካነሰ "ሙቅ ውሃ" ነው የሚሉት። እኔ ሞኙ ምን አልኩ? ወይ ፍቅር! ቤቴ ገብቼ ሚስቴ ላይ ተኩራርቻለሁ። ገበያተኛውም "ሐጂ ሲያረጁ ትሕትናቸው ጨመረ" ይል ነበር። ሌላ ከተማ ቢሆን በሳምንቱ በታወቀባቸው፤ እኛ ግን መርሳትን ከጨዋነት መለየት አቃተን።

አንድ ቀን ሦስተኛውን ሻይ አዘዙና "ያ የወታደሩ ልጅ... ማን ነበር ስሙ?" አሉኝ። እኔኑ! ፊት ለፊት እያዩኝ! ያን ስም በአደባባይ የጠራው አፍ ስሙን አጣው።

ልጃቸው ዘይነባ ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው አብሬ ሄድኩ። ደማቸው ሲመረመር ስኳሩ ጣራ ነክቷል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ግን ያስረዳል።

"ስኳር የሚጎዳው እግርና ዓይን ብቻ አይደለም" አለን። "ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል፤ ሐሳብ ይደፈርሳል። መርሳት ሁሉ እርጅና አይደለም። የጠፋው ሁሉ ይመለሳል አልልም፤ የደፈረሰው ግን ሊጠራ ይችላል።"

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ስኳሩ ያስረሳቸዋል፣ መርሳቱ ሁለተኛ ሰላምታ ያመጣል፣ ሰላምታው ሻይ ያስከትላል፣ ሻዩ ደግሞ ስኳር ነው። እኔ ደግሞ ፍቅር ነው ብዬ እያጀብኩ ስጠጣ ከርሜያለሁ። አፈርኩ።

መድኃኒቱ ተጀመረ። ሻዩ ያለ ስኳር ሆነ፤ ሐጂ የመጀመሪያውን ቀን እንደ ሬት ነው የጠጡት። መስጊድ በባጃጅ መሄድ ቀረና ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ወራት አለፉ። ገበያተኛው "ሐጂ ምነው ኮሩ? አንዴ ብቻ ሰላም ብለው ዝም!" እያለ ያማቸው ጀመር። ዘይነባ ይህን ሐሜት ስትሰማ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

ባለፈው ዓርብ ሄድኩ። ገና ከበሩ ስገባ "ገረመው! አካም? ናጋ?" አሉኝ፣ ጥርት አድርገው። መራራውን ሻይ አብረን ጠጣን። ስነሳ "በል ደህና ዋል፣ ልጄ" ብለው ጨርቃቸውን ወደ ማጠፍ ተመለሱ። በቃ!

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል። ግን መንገዱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ያች ሁለተኛዋ ሰላምታ ናፈቀችኝ። እግሬ መለሰኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ እንደ አዲስ "አካም ሐጂ? ናጋ? ልጆቹስ? ከብቱስ?" አልኳቸው።

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያም በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው አጠገባቸው ወደ ተቀመጠችው ዘይነባ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሏት፦

"ይሄን ልጅ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ ስኳር ጀምሮታል።"