ቢቀንሱልን ደስ ይለናል

መርካቶ ውስጥ የመጀመሪያ ዋጋ ሰላምታ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። ሻጭ «አንድ ሺህ» ሲል እንደምን አደርክ ማለቱ ነው፤ ገዢ «አራት መቶ» ሲል እግዜር ይመስገን ማለቱ ነው። ከዚያ ገዢው ጀርባውን ሰጥቶ መንገድ ይጀምራል፣ ሻጩም «ና እንጂ፣ ምን ያስኮርፍሃል» ብሎ ይጠራዋል። ካልጠራው ነጋዴ አይደለም። ጎጃም በረንዳ ገመድና ጆንያ ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ከመንገድ መልሼዋለሁ መሰላችሁ!

በዚህ ሙያዬ ተማምኜ ነው እንግዲህ የልጄን የሰብለን ኮሌጅ የረገጥኩት። ሰብለ ፋርማሲ ልትማር አልፋለች። ክፍያውን የነገረችኝ ቀን ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ቀጥላ፣ ኮሌጁ አቅም ላነሳቸው ቤተሰቦች የገንዘብ እርዳታ ይሰጣል አለችኝ። እርዳታ! እኔ እርዳታ ሲባል የማውቀው በሰልፍ የሚታደለውን ስንዴና ዘይት ነው። ሱቅ ያለው ሰው እንዴት ተረጂ ይባላል? ጎረቤት ነጋዴ ቢሰማስ? እናቷ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያለች ስትነዘንዘኝ ሰነበተች፤ እኔም ሳልሰማ ሰነበትኩ። ማመልከቻው አርብ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ካለፈ እርዳታ የለም፣ እርዳታ ከሌለ ደግሞ ኮሌጅ የለም። አርብ ከሰዓት ሰብለ ሱቁን በገዛ እጇ ቆልፋ፣ ሁለት ታክሲ አሳፍራ ወሰደችኝ።

ቅጹ «የቤተሰብ ወርሃዊ ገቢ» ይላል። የትኛው? ለግብር ሰብሳቢ የምናገረው አለ፣ ለአማቶቼ የምናገረው አለ፣ ለሚስቴ የምናገረው አለ። ሦስቱ ተገናኝተው አያውቁም። ሰብለ አጠገቤ ቆማ ስለምታየኝ አራተኛውን፣ እውነተኛውን ጻፍኩ። «እርዳታ ያስፈለገበት ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። «እርዳታ» የምትለዋን ሰረዝኩና በላይዋ «ቅናሽ» ብዬ ጻፍኩ። ከስሯም «እርዳታ አያስፈልገንም፤ ቢቀንሱልን ግን ደስ ይለናል» አልኩ።

ቅጹን የምትቀበለው ልጅ እግር ሠራተኛ አነበበችው፤ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ቅናሽ የሚባል ነገር እዚህ የለም፣ አቅም ካለዎት ይከፍላሉ፣ ከሌለዎት ይታይልዎታል አለችኝ። እሺ የመጨረሻውን ንገሪኝ አልኳት። የመጨረሻ የሚባልም የለም አለች። ጎበዝ ነጋዴ! ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሆነና ተፋጠጥን። የቀረችኝን ዘዴ አወጣሁ። «ተዪው በቃ» ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ወጣሁ።

ኮሪደሩን ቀስ ብዬ ጨረስኩት። የሚጠራኝ የለም። ደረጃው ላይ የታሰረ ጫማዬን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። አሁንም የለም። በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው «በሰላም ይግቡ ጋሼ» አለኝ። ሰዓቴን ሳይ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ያኔ ደነገጥኩ። የልጄን ዕድል እንደ ገመድ ስከራከርበት ላጣው ነው! በዚህ ዕድሜዬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ተመለስኩ።

ሰብለ ትቻት ከወጣሁበት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። አዲስ ቅጽ ተቀብላ ሞልታዋለች፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ አንብበው ይፈርሙ ብላ ሰጠችኝ። ምክንያቱ ላይ በልጄ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ እኔን ለማስተማር ሱቁን ሊሸጥ ደላላ እያነጋገረ ነው። እኔ ያላወቅኩ ይመስለዋል። ያለ ሱቁ አንድ ቀን መዋል አይችልም። እርዳታው ከእኔ ይልቅ ለእሱ ነው።»

ደላላውን ያነጋገርኩት እኮ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ አትክልት ተራ ድረስ ሄጄ፣ በሽንኩርት ጆንያ መሀል ቆሜ ነው። በምን ሰማች? እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። አለቀስኩ፤ አዎ፣ ሰው ፊት። ሠራተኛዋ ሶፍት ሰጠችኝ፤ ፈረምኩ። ለአስራ አንድ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ማህተም ተመታበት።

ከወር በኋላ ለውጤቱ ተጠርተን ሄድን። ያቺው ልጅ ወረቀቱን ዘርግታ፣ ሰብለ ሙሉ በሙሉ ከክፍያ ነፃ ሆናለች አለችን። ደስታዬ ልኩን አጣ። ሆኖም አፌ መቼ አርፎ ያውቃል፣ «ኧረ ሙሉውንማ ይከብዳል፤ ትንሽ እንኳ ጨምሩብን» አልኩ። ዋጋ ይጨመርብኝ ብሎ የተከራከረ ገዢ መርካቶ ከተቆረቆረች ታይቶ አይታወቅም።

ሰብለ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝና፣ ትንሽ ሳለች ከረሜላ ሲሰጧት እኔ አደርጋት እንደነበረው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«አባዬ፣ አመሰግናለሁ በል» አለችኝ።

አልኩ። ምን ላድርግ፣ ተረጂ ነኝ።