ሰፈሩ የተዳበለው ኢሜይል

ሰው የማይጎድልበትን ነገር ሲሰጥ እጁ አይሳሳም። ጨው ስትጠየቁ እንኳ ለነገ ይተርፍ እንደሆነ ዕቃውን ገልጣችሁ ታያላችሁ፤ ምክር ግን ማንም ሳይጠይቃችሁ ታድላላችሁ። እኔ ደግሞ አይጎድልብኝም ብዬ ለመጣ ለሄደው ስሰጥ የኖርኩት ኢሜይሌን ነው። እውነትም አልጎደለም። ይሞላል ብሎ ግን ማን አሰበ?

ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በእጄ የገባ ደብዳቤ ጠፍቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሰሚው እስኪሰለቸው አውርቻለሁ። ጉድ የሠራኝ ይኸው ወሬዬ ነው። ድሮ ሰው የትልቅ ሰው ፖስታ ሣጥን ቁጥር ጽፎ «በእገሌ በኩል ይድረስ» ይል የለ? ኢሜይል ሲመጣ ያ ልማድ ጓዙን ጠቅልሎ አብሮ ገባ። ቅጽ ላይ «ኢሜይል» የሚል ባዶ ቦታ ካለ ሰፈሩ የኔን ይሞላበታል። የራሳቸው የላቸውም ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አላቸው። ብቻ የመዝገብ ቤት ኃላፊ አድራሻ የሰፈረበት ማመልከቻ ዋስ ያለው ይመስላቸዋል። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ይጎርፍላችኋል። የጎረቤቴ የእግር ኳስ ውርርድ፣ የመዘምራኑ መዝሙር፣ ወርቃ ከተማ ሄዶ ቡና የሚገዛው የአጎቴ ልጅ የዋጋ መግለጫ፣ አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ብቻ ለሚያውቅ ሰው የተላከ የትኬት ቅናሽ። መጀመሪያ ሁሉንም እያነበብኩ ለባለቤቱ አደርስ ነበር። በኋላ ርዕሱን ብቻ አየሁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ብቻ። ያልተከፈተው ዘጠኝ ሺህ ሲያልፍ ቁጥሩንም ማየት ተውኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ሆነ፦ አልመጣም።

ከጠያቂዎቹ አንዷ ምሕረት ነበረች፤ ከዲላ በላይ ደጋው ቡሌ የምታስተምር፣ የወዳጄ የአቶ በራሶ ልጅ። ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል ተወዳድራ፣ እንደ ሰዉ ሁሉ የኔን አድራሻ ሰጥታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ የኔ ነገር?» ትለኛለች። ስልኬን ከኪሴ ሳላወጣ «አልመጣም፣ ልጄ» እላታለሁ። አምስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ከዚያ አልተመረጥኩም ማለት ነው ብላ መጠየቋን ተወች።

አንድ ቀን ስልኬ ሳጥንህ ሞልቷል፣ ከእንግዲህ አልቀበልም አለኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተቀምጬ ማጥፋት ጀመርኩ። ከውርርዱና ከቅናሹ መካከል «ውድ ምሕረት በራሶ» የሚል ብቅ አለ። ተመርጣለች። በአሥር ቀን ውስጥ መቀበሏን ታሳውቅ ይላል። የተላከው ከሰባት ሳምንት በፊት ነው። አልመጣም እያልኩ ስመልሳት ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር ማለት ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ በራሴ ደረሰ። ወዲያው ጥፋቱ የኔ ነው፣ እባካችሁ ልጅቷን አትጉዷት ብዬ ጻፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማግስቱ ቦታው ለተጠባባቂ መሰጠቱን በጨዋ ቋንቋ ነገሩኝ። ይህችን እንኳ ቶሎ ከፈትኳት።

ቡሌ ወጣሁ። መንገዱ ሲያንገላታን አብረውኝ የተሳፈሩት ሲያማርሩ፣ እኔ ግን ምነው በረዘመ እል ነበር። አቶ በራሶን እንሰቱን ሲኮተኩት አገኘሁት፤ ምሕረት ትምህርት ቤት ነበረች። አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። የጮኸብኝ ይመስላችኋል? ቢጮህ በወደድኩ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከእጁ ላይ አፈሩን ሲያራግፍ ቆየ።

«ለሷ እንዳትነግራት» አለኝ በመጨረሻ። «አልተመረጥኩም ብላ አልቅሳ ወጥቶላታል። ተመርጠሽ ነበር ካልካት ግን መቼም አይወጣላትም።»

ይቅር ይበለኝ አይበለኝ እስካሁን አላወቅኩም። በደሌን ላራግፍ ሄጄ ምስጢር ተሸክሜ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን መንገድ ላይ ሳያት አንዳንዴ፣ ያሳፍራል እንጂ፣ ሌላ መንገድ እይዛለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ ድረስ መጣች። ሌላ ዕድል ወጥቶ ቅጹን ይዛለች፣ ፊቷ ፈክቷል። ያው የጋሼን ልሙላ አይደል አለችኝ። ለዚህ ስዘጋጅ ሰንብቼ ነበር። የራስሽን ጻፊ፣ የኔን ተይው፣ አይሆንም አልኳት፤ ሳላስበው ድምፄ ጠንከር ብሎ ወጣ። እዚህ እኛ ዘንድ አድራሻ መንፈግ ዋስ አልሆንሽም ከማለት አይለይም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አንገቷን ደፋች።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አልኳት። «የኔን ጻፊው።»

አመስግናኝ ሄደች።