ጎመን ላይ የወረደ አመድ

የማያዩትን ነገር መፍራት ክፉ አመል ነው፤ አንዴ ከጀመራችሁ የምታዩትን ሁሉ ትጠረጥራላችሁ። እናንተን አላውቅም፣ እኔ ግን ጎመን እስከ መጠርጠር ደርሻለሁ።

ያኔ ደብረ ብርሃን የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ራዲዮው ነጋ ጠባ ስለ አቶም ቦምብ ሙከራ ያወራል፤ የትም ይፈንዳ የት፣ መርዘኛው ትቢያ ከንፋስ ጋር አገር ላገር እየዞረ ቅጠል ላይ ያርፋል ይላል። ሌላው ሰው ይህን ሰምቶ «እግዜር ይጠብቀን» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ደብተር ገዛሁ። በየማለዳው ጋቢዬን ተከናንቤ ጓሮ እወርድና ቅጠል እያገላበጥኩ እጽፋለሁ፤ ይሄኛው ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ ያኛው ተጠማዝዟል፣ ድንቹን ውርጭ መቶታል። ውርጭ ለመሆኑስ ማን አረጋገጠ?

ባለቤቴ የሺ «ተማሪ ያጣህ ይመስል ጎመን ታስተምራለህ?» እያለች ትስቅብኛለች። ጎመኑ የእሷ ነበር። ኅዳር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራዋ ነው፤ ጊዜው ጾም ስለሆነ ለማኅበርተኛው ከምታቀርበው ሁሉ የምትኮራበት እሱ ነበር። ከክረምት ጀምራ እንደ ልጅ ነው ያሳደገችው።

ኅዳር ሚካኤልን ለሥራ ወርጄ ደብረ ሲና ዋልኩ። በማግስቱ አመሻሽ ተመለስኩ፤ እሁድ ጠዋት የሺ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ጓሮ ብወርድ ምን ባይ ጥሩ ነው? ቅጠሉ ሁሉ ላይ ስስ ግራጫ ትቢያ ተነስንሷል። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ አንድም ሳላስቀር ነቀልኩትና ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን ጀግና የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

የሺ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጥታ ባዶውን መሬት አየች።

«ጎመኔስ?»

«የቦምቡ ትቢያ ወርዶበት...»

«የምን ቦምብ? የሚካኤል አመድ ነው! ትል እንዳይበላው እኔ ነኝ የነሰነስኩት!»

ኅዳር ሚካኤል ጠዋት በሽታ ይውጣ ተብሎ ጥራጊ በየደጁ እንደሚቃጠል ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። በሽታ ያባረረውን አመድ በሽታ ነው ብዬ ቀበርኩት። የሺ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ማኅበርተኛውን በምን ዓይኔ ልየው?» እያለች አለቀሰች። አፈርኩ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ለቅሶዋን የሰሙት ጎረቤታችን ወይዘሮ በለጥሻቸው በአጥሩ ብቅ አሉ። «ተነሺ አንቺ! የኔ ጎመን የማን ሆነና?» አሉ። የማኅበሩ ዋዜማ ሁለት እቅፍ ሙሉ ለምለም ጎመን ይዘው መጡ። እኔም አገላብጬ አየሁት፤ ነጥብ እንኳ የለበትም። ማኅበሩ አማረ፣ ሰው በልቶ መረቀ፣ የሺም ታረቀችኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ ደብተሬን ልዘጋ ተቀምጬ ራዲዮውን ከፈትኩ። ሰውዬው ስለዚያው ትቢያ ያስረዳል። በዓይን አይታይም፤ የወረደበት ቅጠልም ለምለም እንደሆነ ይቆያል አለ።

ያን ጎመን ሦስት ጊዜ አስጨምሬ ነው የበላሁት።